ውሃ የሚጠጣው ብረት

እጇ ነው አሉ። አሥራ አራት ዓመት ያልተንቀጠቀጠ እጅ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንስ ዕቃ በወረንጦ አንስቶ ቦታው ላይ የሚያስቀምጥ እጅ፣ በሦስት ወር ውስጥ ተበላሸ አሉ። ያውም በአፍ አይደለም፤ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ነው ያሉት። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

መርፌ ነው የሚሏት። ቅጥነቷንም የእጇን ሥራም አይተው ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው። የምትሠራው ጆሮ የከበዳቸው ሰዎች የሚያደርጓት ትንሽዬ ማዳመጫ በሚጠገንበት ወርክሾፕ ነው፤ ከሁሉም ረቂቁን የውስጥ ሥራ የሚሰጡት ለእሷ ነው። ደብዳቤው እንደሚለው፣ እሷ ጠግና ያስረከበቻቸው አሥራ ዘጠኝ ማዳመጫዎች ሳምንት ሳይሞላቸው ዝም ብለዋል። ስለዚህ ሐሙስ ሠራተኛው በተሰበሰበበት መልስ ትስጥ፤ መልስ ከሌላት ሥራዋን ታስረክብ።

ደብዳቤውን የጻፈው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ከመጣ ገና አምስት ወሩ። ሲመጣ ቤቱን አይቶ አፍንጫውን ነፋ። የእንጨቱን በርጩማ አስወጥቶ ባለ ጎማ የፕላስቲክ ወንበር አስገባ። ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ አነጠፈ፤ ረግጠውት ሲሄዱ እሽ እሽ የሚል። የጥጡን ነጭ ጋውን ሰብስቦ ሰማያዊ ናይለን አደለ። ግድግዳውን እንደ ወተት አስነጣው። ቤቱ አማረ፤ ማማሩንስ ማን ይክዳል?

ከሁሉ በላይ የሳቀው ግን በብረቱ ነው። በግቢው ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የሰው ቁመት የሚያህል ብረት መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ አናቱ ስንዝር ያህል ብቅ ብሏል። ከእሱ የተነሳ ራቁት የመዳብ ሽቦ በመስኮት ገብቶ፣ በግድግዳው ዞሮ፣ ከየጠረጴዛው ጋር ይገናኛል። ጠጋኞቹም ሥራ ሲጀምሩ በቀጭን ሽቦ ከጠረጴዛው ጋር የተያያዘች ማሰሪያ እጃቸው ላይ ያጠልቃሉ። በደረቁ ወራት ደግሞ ሰኞ ጠዋት አንድ ባልዲ ውሃ ብረቱ ሥር ይፈስሳል። «ብረቱ ጠጣ?» መባባል የሰኞ ሰላምታቸው ነበር።

ይህን ያስለመዷቸው ጋሽ ሽቦ ናቸው፤ ጡረታ የወጡት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። መርፌ በተቀጠረች ሰሞን እንዲህ ብለው ነገሯት፦ ሁለት ነገር ሲተሻሽና ሲላቀቅ አንዱ ከሌላው ይሰርቃል። ልብስ ከወንበር፣ ጫማ ከምንጣፍ፣ ማበጠሪያ ከፀጉር። የሚሰረቀው ዓይን የማያየው የኤሌክትሪክ ቅንጣት ነው። ሌባውም የተሰረቀውም ከዚያ በኋላ ዕረፍት የላቸውም፤ ሒሳባቸውን የሚያቃናላቸው ይፈልጋሉ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቀስ እያለ ይሾልካል፣ ማንም ሳያውቅ ይታረቃሉ። ሲደርቅ ግን ሰውነትሽ ላይ ተጠራቅሞ ይቆይና የነካሽው ነገር ላይ በአንዴ ይዘላል። አንቺ ላትሰሚው ትችያለሽ፤ ማዳመጫው ውስጥ ድምፁን የምታጎላው ቅንጣቢ ግን ከዚያም ባነሰ ትሞታለች። ወይ ደግሞ ትቆስልና ሰውየው ቤት ገብታ ትሞታለች። ሽቦው ግን ገና ሳይጠራቀም ወደ መሬት ይወስደዋል፤ መሬት ስንቱን ችላለች! ደረቅ አፈር ብቻ በቅጡ አይቀበልም፣ ስለዚህ ብረቱን አጠጡ።

ሥራ አስኪያጁ ባልዲውን ባየ ዕለት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ብረት ሊበቅል ነው ወይ አለ። በስብሰባ ላይም «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ከለከለ። መርፌ ልታስረዳ ሞክራ ነበር፤ አላስጨረሳት። ግድግዳው ሲቀባ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች። ስትመለስ ሽቦው ከጠረጴዛዋ ተነስቶ አንድ ያማረ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲገባ አየች። ውሃው ይቅር፣ ሽቦው ካለ ምን ቸገረኝ ብላ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ኋላ አንገበገባት።

ከዚያ ማዳመጫዎቹ መመለስ ጀመሩ። ከፍታ ስታይ የተቃጠለ የለ፣ የተሰበረ የለ። በቤቱ ደንብ ጠጋኙ ምክንያት ካጣ ካርዱ ላይ «የተጠቃሚ ጥፋት» ብሎ ይጽፋል። መርፌም ጻፈች። አንዲት አረንጓዴ ሻርፕ ያደረጉ እናት በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። መርፌ የዚያን ቀን ተሰላችታ ነበር። አጥበውት ነው፣ ዕቃ እንዲህ አይያዝም፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ብላ ካርዱን ሰጠቻቸው። እማማ ምኑን ይስሙት፤ ከንፈሯን እያዩ ፈገግ አሉና «ተባረኪ ልጄ» ብለዋት ወጡ።

አሥራ ዘጠነኛው ሰውዬ ግን አቤቱታውን ወደ በላይ አካል ወሰደ። በላይ ያሉት ሥራ አስኪያጁን ጠየቁ፤ እሱም የሚጥልበት ሰው ፈለገ፤ መርፌን አገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ባልደረቦቿስ? አንዱ ወንበሩን አሽከረከረ፣ አንዷ ጥፍሯን አየች። አሥራ አራት ዓመት ምሳ አብረው የበሉ ሰዎች! የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ እንኳ፣ ወንድሜ የምትለው፣ ዓይኗን ሸሸ። መርፌም በሆዷ እውነት እጄ ይሆን እንዴ ማለት ጀመረች፤ ጣቶቿን ዘርግታ መስኮቱ ጋ ቆማ አየቻቸው። በዚህ ነው እኔ የምናደድ። ሰውን ከሥራው ማባረር አንድ ነገር ነው፣ የገዛ እጁን እንዲጠረጥር ማድረግ ግን ምን ዓይነት ግፍ ነው?

ማክሰኞ ደብዳቤውን እንዳነበበች እሳት ለብሳ ጋውኗን በአናቷ አወለቀችው። ናይለኑ ተንጣጣ፣ ፀጉሯ ተነሳ። በሩን ልትከፍት እጀታውን ስትነካ ቆነጠጣት። ቆም አለች። ተመልሳ መለኪያውን አነሳች። ማሰሪያው ደህና። ጠረጴዛው ደህና። ግቢ ወጣች። የብረቱ አናት አቧራ ለብሷል፤ ሽቦው በጉጠት ተቆርጦ ጫፉ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ቁጢጥ ብላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ደሟ ፈላ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ካስማ በሌለው ገመድ እንደታሰረች ፍየል፣ ማሰሪያ አጥልቃ በገዛ እጇ ስትገድላቸው ኖራለች!

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ በሩ ጋ ቆሞ ክሱን አነበበ። መርፌ አልተሟገተችም። ከተጣሉት መሃል ጠግና ያቆየችውን አንድ ማዳመጫ ሽፋኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማዳመጫ በርቶ ሰው ጆሮ ውስጥ ካልገባ ራሱን እየሰማ ያፏጫል፤ ይሄም አፏጨ፣ ሁሉም ሰማው።

«የእኔ እጅ ከተበላሸ በእርስዎ እጅ ያንሱት» አለችው።

ሳቅ ብሎ ምንጣፉን እሽ እሽ እያደረገ መጣ። ጣቱን ሲዘረጋ ጧ አለ። እጁን እንደተነደፈ ሰው ሰበሰበ። ፉጨቱም ቀጥ አለ።

 ሥራ አስኪያጁ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ይሄ የተቀነባበረ ተንኮል ነው አለ። ይሄኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ተነሳ። ወለል ወለሉን እያየ፣ ሽቦውን አስቀያሚ ነው ብለው ያስቆረጡት እርስዎ ነዎት፣ ጉጠቱን ያወጣሁትም እኔ ነኝ፣ ፈርሜበታለሁ አለ። ዘገየ እንጂ ተናገረ።

ሥራ አስኪያጁ መርፌን ቢሮ አስገብቶ ድምፁን አለሰለሰ። ደብዳቤውን እቀደዋለሁ፣ ነገሩም እዚሁ ይቅር አላት።

«የእኔን ይቀድዳሉ» አለችው፤ «ለአሥራ ዘጠኙ ሰዎች የጻፍነውንስ ማን ይቅደደው?»

ካርዶቹ ካልታረሙ የሽቦውን መቆረጥ እሷም እንደ አሥራ ዘጠነኛው ሰውዬ ወደ በላይ እንደምትወስደው ነገረችው። ታረሙ። ምንጣፉ ተነሳ፣ የጥጡ ጋውን ተመለሰ፣ ሽቦውን ራሷ በየደችው። ሰኞ ባልዲውን የያዘው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነው። አሥራ ዘጠኙም አንድ በአንድ ተጠሩ።

ባለ ሻርፗ እማማ ረቡዕ መጡ። መርፌ እንደገና የጠገነችውን ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ አስተካክላ አስገባችላቸው። የግድግዳውን ሰዓት ሰሙ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰሙ፣ ፊታቸው በራ። ከዚያ ትክ ብለው አዩዋት።

«ያን ቀን ብዙ ስታወሪኝ ነበር። አልሰማሁሽም። ምን ነበር ያልሽኝ?»

ሌላ ነገር ማለት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል?

«ጥፋቱ የእርስዎ ነው ነው ያልኩዎት፣ እማማ። የእርስዎ ግን አልነበረም፤ የእኛ ነው።»

እማማ ሻርፓቸውን አጠበቁ። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ልጄ ያን ካርድ አንብባ ወር ሙሉ 'ዕቃ አትይዢም፣ ጃጅተሻል' ስትለኝ ከረመች» አሉ። «እሱን ያለ ማዳመጫም ሰምቼዋለሁ።»

መርፌ ማሰሪያውን ከእጇ አወለቀች። ጋውኗን ሰቀለች፣ የታረመውን ካርድ ያዘች፣ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ብቅ ብሎ በሥራ ሰዓት ወዴት ነው አላት። ወደ ልጃቸው ጋ ነው አለችውና ክንዳቸውን ይዛ ወጣች።