ለቀዳዬ የጠጣሁት ውሃ

«ነገ እጾማለሁ» ብዬ ኒያ ሳላደርግ እንቅልፍ ጣለኝ። ካለፈው ረመዳን ያልጾምኳትን ቀን የምተካባት የመጨረሻ ቀዳ ነበረች፤ አዲሱ ረመዳን ደግሞ ነገ ይገባል።

ጉዱ የወጣው ከሰዓት በኋላ፣ በአክስቴ በሙርቲኒ ወጥ ቤት ለረመዳን ዋዜማ ለጎረቤት የሚታደለውን የሩዝ ቂጣ፣ አፔም፣ ስንጋግር ነው። የሩዝ ዱቄቱና የኮኮናት ወተቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። አክስቴ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ቁርአን ስለምታስቀራ ጥያቄ አይጠፋትም።

«ማታ ነይተሻል?» አለችኝ።

«እንቅልፍ ወሰደኝ። ግን ከንጋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም።»

«ድመቷም አልቀመሰችም። ጿሚ ልንላት ነው?»

«የእርስዎ ድመት ቅድም ዓሣ ሰርቃ ስትሮጥ አይቻታለሁ።»

«ነገር አታዙሪ። የቀዳ ኒያ ከሌሊት ካልተደረገ ጾሙ አይያዝም።»

ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ ስጎትት የኖርኩት እኔው ነኝ፤ ግን ቀኑን ሙሉ በከንቱ መራቤ አበሸቀኝ። የአክስቴ ልጅ ዊናርሲህ ትኩስ አፔም በሙዝ ቅጠል አድርጋ ሰጠችኝ።

«ከፈረሰ ፈረሰ። ብዪና ይውጣልሽ» አለች እየሳቀች።

ወደ አፌ እያስጠጋሁ፣ «በዚህ ሙቀት፣ ሌሊት ያን ሁሉ ውሃ ባልጠጣ ኖሮ ወድቄ ነበር» ብዬ አጉረመረምኩ።

አክስቴ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «የምን ውሃ?»

«ከፈጅር ሰላት በፊት፣ ሳይነጋ ነቅቼ ጠጣሁና ተመልሼ ተኛሁ።»

«ጠምቶሽ?»

«አልጠማኝም። ቀን እንዳይጠማኝ ብዬ ነው።»

«ቀን ለምን ይጠማሻል?»

«አክስቴ ደግሞ፣ ቀዳዬን ስለምጾም ነዋ! ይቺ አንዷ ቀርታኝ የለ? እሷን እያሰብኩ ነው የጠጣሁት።»

«በይ አፔሙን አስቀምጪ።»

«ጾሙ አይያዝም ብለው አልነበር?»

«ውሃውን መች ነገርሽኝ? ለጾም ብለሽ ከተነሳሽ፣ የትኛው ጾም እንደሆነም ካወቅሽ፣ ኒያ ሌላ ምን መሰለሽ? በዓረብኛ የምናነበንበው ምላሳችንን ለማገዝ ነው፤ ቦታው ልብ ነው። ጾምሽ ደህና ነው።»

ደስ አለኝ። አፔሙ ግን ጣቴን እያሞቀው ነበር፤ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ለዊናርሲህ መለስኩላት። ዓይኔ እያየ ገመጠችው።

«ለመግሪብ ማፍጠሪያ ሁለት ላስቀምጥልሽ?» አለች አክስቴ።

«የእኔ ኒያ አራት ነው» አልኳትና ወጣሁ። ሽታው እዚያው ከእነሱ ጋር እንዲቀር በሩን ዘጋሁት።