አባዬ የጻፈበት የዋቅላሚ ወረቀት

ዋቅላሚ ማለት ያ ከብት ማጠጫ ገንዳ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነው። እኔ ከእሱ ወረቀት ልሠራ ተነሣሁ። የሞጣ ልጅ ሲያሾፍ አይጣል ነው፤ ክፍል ውስጥ ሐናን መባሌ ቀርቶ «እንቁራሪት» ሆንኩ። ይበሉ። ቢቸና በሚደረገው የሳይንስ ውድድር አንደኛ የወጣ ባሕር ዳር ልዩ ትምህርት ቤት ይገባል፤ እኔ የምፈልገው እሱን ብቻ ነበር።

ዋቅላሚውን አጥቤ፣ በአመድ ውሃ ቀቅዬ፣ በሙቀጫ ወቅጬ ወንፊት ላይ አሰጣሁት። ፀሐይ ላይ ያደረቅኋቸው ሁሉ እንደ ቋንጣ ተኮማትረው ተሰነጣጠቁ። የመጨረሻውን ግን በጨርቅ ጠቅልዬ አባዬ ሱቅ፣ ከአቡጀዲው ጣቃ ሥር አስተኛሁት። ለጥ ብሎ ደረቀ፤ ለዓይን የሚያሳሳ ወረቀት ሆነ። እንዳይታጠፍብኝ እዚያው መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ ልሥራ ብል ገንዳው ታጥቧል፤ ውድድሩም በማግስቱ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አባዬ ነጋዴ ይሁን እንጂ እጁ የጸሐፊ ነው፤ በልጅነቱ ቁርኣን ቤት ሉህ በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ሸሆቹ ሳይቀሩ ይቀኑበት ነበር ይባላል። የሚለው እሱ ራሱ ነው። ወረቀቴን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ከዳር እስከ ዳር፣ በጥቁር ቀለም፣ በዐረብኛ ቢስሚላህ ብሎበታል።

«ባዶውን ይዘሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው» አለኝ። «በአላህ ስም ይጀመር።»

እውነት ለመናገር ያምር ነበር። እኔ ግን ፈተናውን አሰብኩ። የውድድሩ ፈተና ወረቀቱን ከመሃል ቆርጦ ክብደት ማንጠልጠል፣ የቀረውን ውሃ ውስጥ መንከር ነው። የአላህን ስም ማን በመቀስ ይቆርጣል? ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ጠዋት ምናለ የሚባለው የሳይንስ መምህራችን ወረቀቱን ሲያይ ራሱን ያዘ።

ቢቸና ላይ ዳኛው፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሽማግሌ መምህር፣ መቀሱን አነሡ። አባዬ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጥቶ ነበርና በአዳራሹ መስኮት አንገቱን አስግጎ ያየናል።

«መቀሱን ይተዉልኝ የኔታ፤ የአምላክ ስም አለበት» አልኳቸው።

ወዲያው አስቀመጡት። ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ስመ አምላክ ያለበት ብራና እንዴት እንደሚያዝ ለእሳቸው አይነገራቸውም። ወረቀቱን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«ጽሕፈቱ እጅግ ያምራል» አሉኝ። «ያልተፈተነ ነገር ግን ምን ነጥብ እሰጠዋለሁ፣ ልጄ?»

እሳቸውም ያዘኑ መሰሉኝ። ከስሜ ፊት ሰረዝ አደረጉ። የስንት ሰሞን ድካሜን ውሃ በላው፤ የምቆጣው እንኳ ሰው አጣሁ።

ስወጣ አባዬ እየሮጠ መጣ።

«ምን አሉሽ?»

«ጽሕፈቱ እጅግ ያምራል አሉ።»

«አላልኩሽም?» አለ።

እስከ ሞጣ ድረስ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ሄደ። መኪናው ባነጠረን ቁጥር እንዳይታጠፍ በመዳፉ ይከልለዋል። መንገድ ላይ ባሕር ዳር መቼ እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ይነግሩናል፣ አባዬ» አልኩት።