ለኢኖክ ስድስት ደወል

«ደወሉን ያሰነጠቀችው እሷ ናት። አባቷም እስኪሞት የተቀየማት ለዚሁ ነው።»

ጎረቤቲቱ ሚስስ ላርተር ይህን ወሬ በፖስታ ቤቱ ሰልፍ አውርታዋለች፤ በአውቶቡስ ፌርማታም ደግማዋለች። አሁን ደግሞ በሟቹ ወጥ ቤት፣ ያመጣችውን የድንች ፓይ ምድጃ ውስጥ እየከተተች፣ ለአንዲት ለቀስተኛ ታንሾካሹካለች። የእሷ ሹክሹክታ ለሦስት ቤት ይበቃል።

የሟቹ ልጅ ሄስተር ሳሎን ተቀምጣ ሰማቻት። አባቷ ኢኖክ ካረፈ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ቀብሩ ገና ለመጪው ሳምንት ዓርብ ነው።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሰው ሠርግ ላይ ከአባቷ ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ደወሎች ስትደውል ሁለተኛውን ከልክ በላይ ሳበችው፤ ላይ አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰበረ፤ ገመዱ ከእጇ አምልጦ እየተገረፈ ጣሪያ ደረሰ። አባቷ አንዲት ቃል አልተናገራትም። እሷም ከተማ ገባች፤ ገመድም ዳግመኛ አልነካችም። በየእሑዱ ስልክ ስትመታለት፣ ኋላ ኋላ መልሱ «ደህና፣ ደህና፤ አየሩ ጥሩ ነው» ብቻ ሆነ። ዶፍ በሚወርድበት ቀን ጭምር።

የደወል ጓዶቹ አለቃ ክላይቭ ቆቡን አውልቆ ገባ።

«አንቺ ልጅ፣ ለአባትሽ ስድስቱም መደወል አለባቸው። እኛ ግን አምስት ነን።»

«ሁለተኛው ተሰንጥቋል አይደል?»

«ማን አለሽ?»

ሄስተር በአገጯ ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆመች።

«እሷ ደወልና ድስት አትለይም» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «የሰበርሽው ደወሉ ተገልብጦ እንዳያልፍ የሚያግደውን እንጨት ነው። እንጨቱ የሚሰበረው ደወሉ እንዲተርፍ ነው። ኢኖክ በሳምንቱ ቀየረው። የጎደለን ሰው ነው እንጂ ደወል አይደለም።»

ወጥ ቤት ውስጥ የምድጃው በር በኃይል ተዘጋ።

«ብሳሳትስ? በቀብሩ ላይ?»

«ትሳሳቻለሽ። እሱም ይሳሳት ነበር።»

በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ስድስት መቶ ዓመት የሰው እጅ ያለሰለሰው የኦክ በር እንደ ልማዱ አስቸገራት፤ በትከሻዋ ገፋችው። በግድግዳው ሥዕል ላይ ሕፃን ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረው ቅዱስ ፊቱ ጠፍቷል፤ ዓሦቹ ግን ዛሬም እግሩ ሥር ይዋኛሉ። ክላይቭ ድምፅ እንዳይወጣ የደወሉን ምላስ አስሮ አለማመዳት። እጇ ከጭንቅላቷ ቀድሞ አስታወሰ። በሳምንቱ መዳፏ ውሃ ቋጠረ፤ እሷ ግን ስለ አባቷ እያወራች መሳቅ ጀመረች።

ዓርብ ዕለት፣ ለቀብር ደንቡ ነውና፣ የየደወሉ ምላስ በአንድ ጎኑ ቆዳ ለበሰ። አንዱ ምት ጠርቶ ይጮኻል፤ ቀጣዩ ከኮረብታ ማዶ እንደሚመልስ ሰው ለስለስ ብሎ ይከተላል። ሄስተር ሁለቴ ተሳሳተች፤ ክላይቭ በቅንድቡ አረማት። ከዚያ ስድስቱ ተራቸውን ያዙ፤ የሬሳ ሣጥኑም በእነሱ ድምፅ መሐል ገባ።

«አሠርተውት ነው እንጂ ተሰንጥቆ ነበር» አለች ሚስስ ላርተር ከታች።

ቀብሩ ካበቃ በኋላ ሄስተር ወደ ደወሎቹ ማማ ተመልሳ የሁለተኛውን ደወል ገመድ በራሷ ቁመት ልክ ጠቅልላ ሰቀለች።

«ማክሰኞ ልምምድ አለ» አላት ክላይቭ።

«እመጣለሁ። አባቴ ዛሬ ቢሰማኝ ምን ይለኝ ነበር?»

«አይሰማሽም ነበር። ጆሮው ከደነቆረ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ የእኛን እጅ እያየ ነበር የሚደውለው። እሑድ እሑድ ስልክሽ ሲጮኽ በግድግዳው በኩል የምትሰማው ሚስስ ላርተር ነበረች፤ መጥታ መነጋገሪያውን ታስይዘው ነበር። ይህን አንዱን ብቻ ለማንም አላወራችም።»