የእሁድ ቺፕስ

ልብስ ተኳሹ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ካውያ ጨብጦ የኖረ ሰው ነው። በእሱ እጅ ያለፈ የሸሚዝ ኮሌታ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፤ በዚህ ማንም አያማውም። በምግብ በኩል ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ እንቁላል ሲቀቅል እንኳ ያሳርራል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ወጥ ቤት የሚገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ከሚሠራበት ላውንደሪ ሲወጣ ዳቦ ይገዛል፣ በሻይ ያወርዳል፣ ይተኛል።

አንድ ልጅ አለችው። ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። እሁድ እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የከሰዓት ሥራዋን ሳትጀምር ትደውላለች።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እናቴ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

«በል እሺ፣ ቻው አባዬ።»

ይኸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ነገር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ እሱም ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ቃል አይወጣውም። በሁለቱ መካከል ስታወራ የኖረችው እናትየዋ ነበረች፤ ስትሄድ ወሬውንም ይዛው ሄደች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ ጭር ይልበታል፤ የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ እንኳ ይሰማዋል።

አንድ እሁድ «በል እሺ» ልትለው ስትል፣ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ማቆጥቆጥ የጀመሩ ሦስት ድንቾች ላይ አረፈ። አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«ስሚማ፣ ይሄ ኩርሽም ኩርሽም የሚለው ቺፕስ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ልጅቷ ሳቀች። «አንተ? ቺፕስ ልትጠብስ?» ከዚያ ግን ነገሩ ሙያዋ ነውና ድምፅዋ ተቀየረ። አቆራረጡን፣ ዘይቱን፣ እሳቱን አንድ በአንድ አስረዳችው። ሃያ ሦስት ደቂቃ አወሩ! ስልኩ ላይ አይቶ ነው።

«ከሁሉ በፊት ግን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው። ስታርቹ፣ ያ የሚያጣብቀው ነጭ ነገር፣ ይውጣለት» አለችው።

እዚህ ላይ ነው ተኳሹ ያጠፋው። ስታርች ይውጣ? ዕድሜ ልኩን ኮሌታ ያቆመው በስታርች አይደል እንዴ! «ልጄ ስለ ወጥ ታውቅ ይሆናል፣ ስታርችን ግን ለእኔ ትተወው» ብሎ ድንቹን ውሃ ሳያስነካ መጥበሻው ውስጥ ከተተው። እርስ በርሱ ተጣበቀ፣ ውጭው ጠቆረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ።

በሚቀጥለው እሁድ ሲነግራት በሳቅ ፍርስ አለች። «አባዬ፣ ድንች እኮ ሸሚዝ አይደለም!» እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ስንት ጊዜው! ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለብቻውም ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ዞር ሲል ሳቁን የሚያካፍለው ሰው አጣ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር የሚነገር ጥፋት አልጠፋም። አንዴ ድንቹን ከነውሃው ከተተውና ዘይቱ እጁ ላይ ተረጨ፤ «በፎጣ አድርቀው እንጂ!» ብላ ተቆጣችው፤ ቁጣዋ ራሱ ጣመው። አንዴ ድንቹን መጥበሻው ውስጥ አጨቀውና ተልፈሰፈሰበት። «ሁለቴ ነው የሚጠበሰው» አለችው። «መጀመሪያ በለስላሳ እሳት ጥበሰውና ሳይቀላ አውጣው። ይረፍ። ከዚያ ዘይቱን በደንብ አግለህ መልሰህ ክተተው። ጨው መጨረሻ ላይ።» በመሃል በመሃል ስለ ራሷም ታወራው ጀመር፤ ስለ አለቃዋ ንዝንዝ፣ ለስንቱ ሰው ስታበስል ውላ ቤቷ ስትገባ ቆማ ከድስቱ ላይ እንደምትበላ።

በአምስተኛው እሁድ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ያዘ። ዘፈዘፈ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ጠበሰ፣ አሳረፈ፣ መልሶ ጠበሰ። ጨው ነሰነሰና አንዱን አንስቶ ነከሰ።

ኩርሽም!

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ፈራ። ተሳካ ማለት እኮ አለቀ ማለት ነው። ከእንግዲህ ምን ሊላት ነው? ደህና ነኝ፣ በላሁ፣ ቻው።

ስልኩ ጮኸ።

«እሺ አባዬ፣ ዛሬስ?»

«ኧረ ተይኝ» አለ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳይነቅል። «ዛሬም ተልፈሰፈሰ። እጄ ምን እንደነካው እንጃ።»

«ዘይቱ በደንብ ግሎ ነበር?» ብላ ጀመረች። ከእሳቱ እስከ ድንቹ ዓይነት ትመረምረው ጀመር። እሱም እፎይ አለ። እፎይ ከማለቱ የተነሳ እጁ ሳያስበው ወደ ሳህኑ ሄደ።

ኩርሽም።

ልጅቷ ምክሯን መሃል ላይ አቆመች። እሱ ማኘክም መዋጥም ፈርቶ ደርቆ ቀረ።

«አባዬ» አለች።

«ወዬ።»

«ምንድነው የበላኸው?»

«ከተሳካልኝ ቶሎ ትዘጊዋለሽ ብዬ ነው» አለ።

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማው። አፍንጫዋንም ስትጠርግ ተሰማው።

«ስንት ቀረህ?»

«ግማሽ ሳህን።»

«እስቲ ብላ። እየሰማሁህ ነው።»

አንድ አነሳ፣ በላ። ቆየት ብሎ ሌላ አነሳ። ድንቹ እየቀዘቀዘ፣ ድምፅ ማሰማቱንም እየተወ ሄደ፤ እሷ ግን አልዘጋችውም። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ልጁ አብራው ናትና፣ የመጨረሻዎቹን ቁራጮች ቶሎ እንዳያልቁበት ለሁለት ለሁለት እየከፈለ በላ።