የተላገው መጥበሻ

ባሌ ደግ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የምለውን ሰምታችሁ ምን ዓይነቱን አረመኔ ነው ያገባችው እንዳትሉ ነው። ግን እንደ ደግ ሰው የሚያናድድ የለም! ክፉውንማ ሰድቦ መገላገል ይቻላል።

ነገሩ የመጥበሻ ነው። አትሳቁ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ልባቸውን ካመማቸው ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሐኪሙ፣ «ቅባት እንዳይነኩ፣ ግን በደንብ ይብሉ። ክብደታቸው ከዚህ ከወረደ ያሰጋኛል» አለኝ። በደንብ ይብሉ! ለመናገርማ ምን አለበት። ቅቅል ሥጋ ሳቀርብላቸው ሁለቴ ይጎርሱና፣ «ይብቃኝ ልጄ፣ ጠገብኩ» ብለው ሳህኑን ገፋ ያደርጉታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሱሪያቸውን ሦስት ጊዜ አጥብቤያለሁ፣ ሚዛን እንዲነግረኝ አልጠብቅም።

አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ስትለካ ጭንቀቴን ሰምታ፣ «ባለመስመር መጥበሻ ግዢላቸው» አለችኝ። «መስመሮቹ ሥጋውን ከፍ አድርገው ይይዙታል። ስቡ ቀልጦ ቦዩ ውስጥ ይቀራል፣ ጣዕሙ ግን ፍም ላይ የተጠበሰ ነው የሚመስለው።»

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሻጭ እንደ ላባ የቀለለ ነገር ሰጥቶኝ፣ «እህቴ፣ ይሄ ነው ዘመናዊው» አለኝ። ጥፍሬን ቦዩ ውስጥ ብከት የጥፍሬን ጫፍ እንኳ አልሸፈነም። «ይሄ መስመር ነው ጭረት?» ብዬው ወጣሁ። ሁለተኛው ደግሞ ታቹ የተንጋደደ፣ ምድጃ ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ መጥበሻ ሊሸጥልኝ ሲከራከረኝ ዋለ። ሦስተኛው ቤት ነው ያገኘሁት። ጥቁር፣ ክብ፣ ወፍራም ብረት ነው፣ በአንድ እጅ ሲያነሱት ክንድ ያዝላል። እጀታው በብሎን የታሰረ ነው፣ ቦዮቹም ጥልቅ ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን ዘይቱን መጥበሻው ላይ አፈሰስኩና ቤቱን በጭስ ሞላሁት። ሦስታችንም እየሳልን በረንዳ ላይ ቆምን። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። ባዶውን በደንብ ማጋል፣ ዘይቱን ሥጋው ላይ ትንሽ ማሸት፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ ነው። ሥጋው ራሱ እስኪለቅ ድረስ አይነካም፣ ከተቸኮለ ግማሹ ብረቱ ላይ ይቀራል። በአራተኛው ቀን አባባ ሳህናቸውን ባዶ አድርገው መለሱልኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ?

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከዚያ ሳህኑ እንደገና ግማሽ እየሆነ መመለስ ጀመረ። ሥጋ ሻጩን ተጣላሁ፣ ቅመም ቀየርኩ፣ ቁራጩን አሳነስኩ፣ አሳሳሁ። ወይ ፍንክች! «ጠገብኩ ልጄ።» ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን ወደ ደጉ ባሌ ልምጣ። ቶርኖ ሠራተኛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያሽከረክርና ሲልግ ነው የሚውለው። የሥራ ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፣ ትንሽ የተዛነፈ ነገር ካየ አያስችለውም። የጎረቤትን የበር ማጠፊያ ሳይጠየቅ ያስተካክላል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ ገባ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንኩ፣ ሞኝ ነኝ። ስገልጥ መጥበሻዬ ነው። መጥበሻዬ! እጀታውን ፈትቶ፣ ቶርኖው ላይ አስሮ፣ መስመሮቹን አንድ ሳያስቀር ልጓቸዋል። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

«ማስመሪያ አስቀምጪበት፣» አለኝ ደስ ብሎት፣ «በሥሩ ብርሃን አያልፍም!»

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? መስመሩ እኮ ነው መጥበሻው! መስመሩ ለምን ያለ ይመስልሃል?»

«ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ የተበላሸ... ማለቴ፣ ያልተስተካከለ መስሎኝ...»

«አባቴን ልትገድልብኝ ነው? በእኔ ዕቃ ላይ ማን አዘዘህ? ሥራ ከፈታህ የራስህን ጭንቅላት አትልገውም ነበር!»

ወረድኩበት። ልማዱ አይደለም ዝም ማለት፣ ያን ቀን ግን መሬት መሬት እያየ ተቀበለኝ። የባሰ ተናደድኩ።

«ተይው ልጁን» አሉ አባባ ከወንበራቸው። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«እርስዎ?»

«ምሳ በበላሁ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ቆመሽ መስመሩን አንድ በአንድ ስትፈትጊው አያለሁ። ጣትሽ ተሰነጣጥቋል። በቀደም ያንን የሙሽራ ሐር ስትሰፊ ጣትሽ እየያዘው ክሩ ሲመዘዝ አይቻለሁ። ለስላሳ ቢሆን ቶሎ ይታጠባል ብዬ ነው።»

ባሌን አየሁት። «አባባ ለማንም አትንገር ብለውኝ ነው» አለ፣ እጁን ሲበላው እንደከረመ ግን ፊቱ ይናገራል።

«ቆይ፣» አልኩ፣ «ምግቡንም የሚተዉት ለዚህ ነው?»

አባባ ጉልበታቸውን አሹ። «ጥቂት ከበላሁ ጥቂት ትጠብሻለሽ ብዬ ነው።»

ንዴቴ በረደ ብላችሁ እንዳታስቡ። አቅጣጫ ቀየረ እንጂ። «አባባ! ማጠብ አይደለም እኔን የሚገድለኝ! እርስዎ የተዉትን ሥጋ መድፋት ነው የሚገድለኝ! እኔ እዚህ ሰው ይድንልኛል ብዬ ስቃጠል፣ እርስዎ ለእኔ ብለው ይራባሉ? ይሄ ነው ማዘን?»

በንዴት ሥጋውን ልሙጡ ብረት ላይ ጠበስኩት። ስቡ እየተጠራቀመ ሲንጨረጨር በማንኪያ ጨለፍኩ፣ በወረቀት ጠረግኩ፣ ሳህኑን ፊታቸው አኖርኩና እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። አባባ ቀና ሳይሉ አንድ ሳያስቀሩ በሉት።

ከዚያ ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። እንደ ልማዴ ዘልዬ ልቀበላቸው ስል መለስ ብለው አፈጠጡብኝ። እንዲህ ሲቆጡ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል።

«እዚህ ቤት ከገባሁ ብርጭቆ አንሥቼ አላውቅም! እጄን ስዘረጋ ትነጥቂኛለሽ! እኔ የታመምኩት ልቤን ነው፣ እጄን አይደለም!»

ቧንቧውን ከፍተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መጥበሻውን መፈተግ ጀመሩ። ባሌ ሊያግዝ ብድግ ሲል በክርናቸው መለሱት።

«ሰኞ ባለመስመሩን ግዙ፣» አሉ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ «አጣቢው እኔ ነኝ።»

ቁጭ ብዬ አባቴ ዕቃ ሲያጥቡ አየሁ።