አምስት መቶ የእኔ እግር

በልጅነቴ ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በታች የጭነት መኪና ወሰደው። ጉልበቴ ተረፈ ይባላል እንጂ ተርፎም ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ። እዘኑልኝ ማለቴ አይደለም፤ አርባ ዓመቴ ነው፣ ከብዙ ባለሁለት እግር ሰው ቀድሜ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። ይህን የምችለው ታላቅ ወንድሜ በሠራልኝ እግር ነው።

ወንድሜ ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት አለው። አንድ ቶርኖ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በቅባት የጠቆረ ወለል። በሕይወቱ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ ሠርቶ አያውቅም፤ ይህንንም እንደ ማዕረግ ነው የሚያወራው። «ሰውየውን ሳላይ ብረት አልቆርጥም» ይላል። የእኔን እግር ሲሠራ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ በትኖ በላዩ አስኬደኝ፤ ከዚያ ተንበርክኮ ዱካዬን አነበበ። ፈታ፣ ሞረደ፣ አሰረ፣ እንደገና በተነ። አሥራ አንድ ጊዜ አመላለሰኝ። በአሥራ አንደኛው «በቃ፣ ሂጂ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንባውን እንዳላይበት ነው።

ስለዚህ ወንድሜን እወደዋለሁ። የሚቀጥለውን ስትሰሙ ይህን አትርሱብኝ።

እያደር ሥራው ቀዘቀዘ። ድሮ ማሽን የተሰበረበት ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፍ ነበር፤ በኋላ መለዋወጫው በካርቶን ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛ ሆነ። ወንድሜ በርጩማውን ደጅ አውጥቶ መንገደኛ ማየት ጀመረ። ኩራቱ እራቱ የሆነ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ከፋኝ ብሎ አያውቅም። ግን ቶርኖውን ያለ ሥራ ያስነሳው ነበር፣ ጎረቤት ድምፁን እንዲሰማ።

አንድ ቀን ከፋብሪካ አንድ ኢንጂነር መጣ። ሐኪም ቤት ደረጃ ስወጣ አይቶኝ ኖሮ፣ እግሬን ማን እንደሠራው ጠይቆ ነው የመጣው። በአደጋ እግራቸውን ላጡ ሰዎች አምስት መቶ እግር ሊያወጡ ነው። ከእግር የተረፈው ቁራጭ የሚገባበትን ቀፎ ሐኪም ቤቱ ለየሰዉ ይሠራል፤ ከቀፎው በታች ያለው ዘንግና መርገጫ ግን ለሁሉም አንድ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ንድፉ የት አለ?» አለው።

«ንድፍ የለም። እሷው ናት ንድፉ» አለው ወደ እኔ እየጠቆመ።

ኢንጂነሩ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፣ እንዲያውም ጨዋ ሰው ነው። «ግድ የለም፣ ናሙናውን ወስደን እንለካዋለን። አንድ መሥራትማ ምን አለው ጋሼ? ሥራ የሚባለው አምስት መቶ አንድ ዓይነት ማውጣት ነው።»

ወንድሜ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። መጥረጉን አላቆመም፤ እጁ ጸድቶም ይጠርግ ነበር። «በደንብ ለኩት» ብቻ አለ።

እኔ ግን ጮቤ ረገጥኩ፣ ያውም በአንድ እግር። እግሬን ፈትቼ አስረከብኩና እስኪመልሱልኝ ሦስት ሳምንት በክራንች እየዘለልኩ «የአምስት መቶ እግር እናት ልሆን ነው» ስል ከረምኩ። በእነዚያ ሳምንታት ቶርኖው ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ እሰማለሁ። እንደ ልማዱ ለጎረቤት መስሎኝ። ደግሞስ አሥራ አንድ ጊዜ መመላለሴን የማውቀው እኔ፣ ለምን አሥራ አንድ ጊዜ እንዳስፈለገ ራሴን አልጠየቅኩም። ሲያሞካሹት የማያስብ ሰው ብዙ ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ።

የማስረከቢያው ቀን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። አቧራ እንዳይነሳ መሬቱ ላይ ውኃ ረጭተዋል። አሥራ ሁለት ሰዎች አዲሱን እግር አድርገው ከዳር እስከ ዳር ሲሄዱ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም ሳጨበጭብ ቆይቼ እጄ አየር ላይ ቀረ። የመጀመሪያውን ሰውዬ እግሩ ወደ ጎን ይጥለዋል። ሁለተኛዋንም ይጥላታል። ሦስተኛውንም። እርጥቡ መሬት ላይ የተዉትን ዱካ አየሁ፤ የሁሉም መርገጫ በአንድ ጠርዙ ጠልቆ በሌላው ጠርዙ መሬት አልነካም።

ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ዞሮ የቀረውን ጉልበቴን ለማካካስ መርገጫውን አዘንብሎ ነበር ያሰረው። ከእኔ ጉልበት ሥር ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ ከጤነኛ ጉልበት ሥር ሲገባ ሰው ይጥላል። ፋብሪካው የእኔን ጉዳት ልቅም አድርጎ ለክቶ አምስት መቶ ጊዜ ደገመው።

ኢንጂነሩ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። ወረቀቱን ገልጦ «እህቴ፣ ከናሙናው ፀጉር ታህል አልተለየም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልተለየም። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያነክሳል። ይለምዱታል።»

በቀጥታ ወደ ቶርኖ ቤቱ ሄድኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«ምኑን አትበለኝ!»

ጀርባውን ሰጠኝ። «ጠየቁኝ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ። ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «ይመጣሉ ብዬ ነበር፣ እቴ። ይሄ ነገር ለምን ዘመመ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ሰው እንኳ!» አለ። አንጀቴን በላኝ። የናቁት ሰው ነው፣ ቢናደድ አይፈረድበትም አልኩ። ይቅር አልኩት።

ወር ሳይሞላ ሰዎቹ እያነከሱ መምጣት ጀመሩ። በሩ ላይ እንደ ድሮው ሰልፍ ሆነ፤ ወንድሜም አሥር ዓመት ልጅነት ተጨመረለት። ሰጋቱራ ይበትናል፣ ያስኬዳል፣ ይንበረከካል፣ ግንባሩን ቋጥሮ ዱካ ያነባል። ከዚያ መርገጫውን ፈትቶ በመሐል የብረት ሽብልቅ ከትቶ በብሎን ያስረዋል። ሰዉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። አንድ ሽማግሌ እጁን ሲስሙት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ኮርቻለሁም።

አንድ ጠዋት ወንድሜ ሰጋቱራ ሊያመጣ ወደ እንጨት መሰንጠቂያው ሄዶ ሳለ፣ እኔ ወለሉን ስጠርግ ጠረጴዛው ሥር የእንጨት ሳጥን አገኘሁ። በጋዜጣ ተሸፍኗል። ስቤ አውጥቼ ገለጥኩት፤ ሽብልቅ ሞልቶታል። አንዱን አንስቼ ከሌላው ጋር ገጠምኩት። ሦስተኛ አነሳሁ፣ አሥረኛ አነሳሁ። ሁሉም አንድ ናቸው፤ ከፋብሪካ የወጡ ነው የሚመስሉት። የታችኞቹን ዝገት ጀምሯቸዋል። የጋዜጣውን ቀን አየሁ። እግሬ ገና ፋብሪካው ውስጥ የሚለካበት ሳምንት ነው።

ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ ሠርቶ የማያውቀው ወንድሜ፣ በሽተኞቹ ገና ሳይታመሙ መድኃኒታቸውን በመቶዎች ቆርጦ አስቀምጧል። ጠያቂ አልነበረም የሚጠብቀው፤ ሰልፍ ነበር። ሰጋቱራው፣ መንበርከኩ፣ ግንባር መቋጠሩ ሁሉ ለታይታ ነው። ከሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እንደዚያ እንዳለሁ አንዲት ሴት በሁለት ክራንች ገባች። የፋብሪካውን እግር በፌስታል ይዛለች። ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሳሁ።

«ለማስተካከል ነው? አሁን ይመጣል» አልኳት።

«አይ እትዬ፣ የእኔስ አልፏል።» ቀሚሷ በአንድ በኩል ከጉልበቷ በላይ ጀምሮ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ቁራጩ እያደር ቆስሎ፣ ቁስሉ መርቅዞ፣ ሐኪሞቹ ጉልበቷንም ጨምረው ቆርጠውታል። «እለምደዋለሁ ብዬ ቻልኩት» አለች፣ ጥፋቱ የራሷ ይመስል። «ይሄን ለሌላ ሰው ያስተካክለው ብዬ ነው። ደግ ሰው ነው ይሉታል።»

አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር፣ እምላለሁ ልነግራት ነበር። በዚያው ቅጽበት ወንድሜ የሰጋቱራውን ጆንያ ተሸክሞ፣ እያፏጨ መንገዱን ሲሻገር በበሩ በኩል አየሁት። ሳጥኑን ወደ ጠረጴዛው ሥር መልሼ ገፋሁት። በቀኝ እግሬ ነው የገፋሁት፣ እሱ በሠራልኝ።

ሴትዮዋ ወደ እግሬ ተመለከተች።

«የአንቺ እንዴት ያምራል! ማን ነው የሠራልሽ?»

«ወንድሜ» አልኳት።

«ታድለሽ» አለችኝ።