የእማዬ ቁም ሳጥን እንዴት ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። እናቴ ትሙት ብዬ እንዳልምል እናቴ ራሷ ታሪኩ ውስጥ አለች፤ በስሟ መማሌን ከሰማች ቆዳዬን ገፍፋ ከበሮ ትወጥርበታለች። ስለዚህ አጎቴ ይሙት! አጎቴ የቢሮ ሰው ነው፤ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ፣ ለመሐላ የሚሆን ጥሩ ሰው።

እኔ ትምህርት ቤትን በደንብ የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ በበሩ ከገባሁበት ቀን በአጥሩ የዘለልኩበት ይበልጣል። እጄ የነካው ሁሉ ስለሚሰበር የቤት ስሜ «አፍርስ» ነው። ታላቅ እህቴ እታለም ደግሞ የኔ ተቃራኒ ናት፤ እሷ ትሠራለች። የምትሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ብቻዋን፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጓዳ ውስጥ፣ በካውያውና በባዶ ጀሪካኖቹ መካከል ተቀምጣ። ኮምፒውተሯ ሲበራ አውሮፕላን የሚነሳ ይመስላል። እንዳይግል ብላ ጎኑን ከፍታ ቬንትሌተር ደግናበታለች። አንድ ቀን ነፋሱ በርትቶ ገመድ ላይ የተሰጣውን ካልሲዬን አንስቶ ጎረቤት በረንዳ ላይ ጣለው። ካላመናችሁ ካልሲው እስካሁን እዚያው ነው።

እታለም ትሠራለች፣ እኔ አፈርሳለሁ። ቀልዴን አይደለም፣ ሥራዬ ነው። ጨዋታ ለሰው ከመቅረቡ በፊት እዚህ በር ላይ ተንጠላጥሎ፣ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ፣ የሚበላሽበትን ቦታ ሁሉ የሚያገኝ ሰው ያስፈልጋል። «ትልልቆቹ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ሰው አስሰው ይቀጥራሉ፤ ለኔ እናቴ ወልዳልኛለች» ትላለች እታለም።

ጨዋታው ምን መሰላችሁ? ቁም ሳጥን ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት። በቃ።

ነገሩ የመጣው ከቤታችን ነው። ወደዚህ ሕንፃ ስንገባ አባዬና አጎቴ የእማዬን ቁም ሳጥን ተሸክመው ሲወጡ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይ ሲገፉት እምቢ፣ ወደ ታች ሲጎትቱት እምቢ። ጀርባው ተነቀለና ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት በሳጥኑ በር እየገባ በጀርባው ይወጣ ጀመር። አንዲት ሴትዮማ በአንድ በኩል ያለ ኮት ገብታ በሌላው በኩል የእማዬን ኮት ለብሳ ወጥታለች። በመጨረሻ እማዬ ከአባዬ በቀር ወንዶቹን ሁሉ አባርራ ከሱ ጋር ብቻዋን ቀረች፤ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ሳጥኑም ወጣ። ፈርቶ ነው የወጣው ይባላል። እታለም ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ያን ሁሉ ደረጃ፣ ያን ሁሉ ግድግዳ በዓይኗ ይዛ ቆየችና ስታድግ ጨዋታ አደረገችው።

እማዬ ግን ሥራው ሥራ መሆኑ አልዋጥልሽ አላት። «ሰው ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲለኝ ምን ልበል? ትጫወታለች ልበል?» አጎቴ ቢሮው ውስጥ አንድ ወንበር አስይዞላት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወረቀት ላይ ማኅተም መምታት። ክርክሩ በስምምነት አለቀ። የጨዋታ ሠሪዎች ትርኢት ሊደረግ ነው። አንደኛ የወጣውን ጨዋታ አንድ አሳታሚ ድርጅት ወስዶ ለዓለም ያወጣዋል፤ ለሠሪው ደግሞ የሥራ ክፍል ይሰጣል። እታለም ካሸነፈች ትቀጥል፤ ካላሸነፈች በማግስቱ ማኅተሙን ታንሳ።

«ክፍሉ መስኮት አለው አሉ» አለችኝ እታለም። ጓዳችን መስኮት የለውም። እኔም ቀልድ ጠፋኝ፤ ይህ በዓመት አንዴ ቢደርስብኝ ነው።

ጨዋታ ደግሞ ድምፅ ይፈልጋል። እታለም ትክክለኛው ድምፅ እስኪገኝ በቦታው የተገኘውን ታስገባለች፤ ሰው ወረፋ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ እንደሚሄደው ማለት ነው። ስሙንም «የወረፋ ድንጋይ» ትለዋለች። ታዲያ አንድ ቀን «የሚወድቅ ቁም ሳጥን ድምፅ አምጣልኝ» አለችኝ። ከየት ይምጣ? የእማዬን ትልቁን ሳፋ አነሳሁ፣ ድስቶቿን ደረደርኩበት፣ ስልኬን መቅጃ ላይ አደረግኩና ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ለቀቅኩት። ሳፋው ምድር ቤት ሳይደርስ እማዬ ቀድማ ደርሳ ቆማ ጠበቀችው። ስልኬ የቀዳውም ሳፋውን ሳይሆን እሷን ነው፦

«አንተ! እጅህ የተሰበረ ነው እንዴ? ይሄ ዕቃ እኮ ካንተ በፊት ነው እዚህ ቤት የገባው! ሳቅ! ሳቅ አንተ! ያን ጥርስህን ከመሬት ነው የማስለቅምህ! ጎረቤት ምን ይላል? ልጅ ነው ዝንጀሮ የምታሳድገው አይልም?»

እታለም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቁጣውን ቆራርጣም አስገባችው፤ ሳጥኑ ግድግዳ ሲነካ አንዱን፣ ሲወድቅ ሌላውን። «የወረፋ ድንጋይ ነው። እማዬ ከሰማች ሁለታችንንም ታርደናለች» አለችኝ። በኋላም አናጢ ቤት ሄደን ደህና የእንጨት ድምፅ ቀድተን ተካነው።

ተካነው ነው ያልኩት? እታለም ሥራዋን በየጊዜው አዲስ ስም እየሰጠች ታስቀምጣለች። መጀመሪያ «የመጨረሻው» አለችው። እኔ ሰበርኩት። «የመጨረሻው መጨረሻ» አለችው። እሱንም ሰበርኩት። ከዚያ «አሁንስ የመጨረሻው» መጣ፣ ቀጥሎ «የምር የመጨረሻው»። የአናጢው ድምፅ ያለው «የምር የመጨረሻው» ውስጥ ነው። በትርኢቱ ጠዋት በጥድፊያ ፍላሽ ላይ የገለበጠችው ግን «አሁንስ የመጨረሻው»ን ኖሯል።

አዳራሹ ሌላ ዓለም ነበር። ትልልቆቹ በመሃል፣ መብራታቸው ዓይን የሚያጠፋ፤ እኛ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ። ወደኛ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቸኩሎ ነው የሚመጣው፤ ለጨዋታ ግን አይደለም። ዋናው ዳኛ መላጣ፣ ኮስታራ፣ ጨዋታ ሲጫወት ጥርስ ሊነቀል የተቀመጠ የሚመስል ሰውዬ ነበር። እየዞረ እየዞረ እኛ ጋ ደረሰ፣ ተቀመጠ፣ ሳጥኑን መግፋት ጀመረ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሳጥኑ አመለጠው።

«አንተ! እጅህ የተሰበረ ነው እንዴ?»

አዳራሹ በሙሉ ወደኛ ዞረ። እታለም እንደ ኖራ ነጣች። ሶኬቱን ልትነቅል ስትንደረደር ዳኛው እጁን አነሳ። «እንዳትነኪው!» ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ከዚያ እያወቀ ሳጥኑን ድጋሚ ለቀቀው።

«ሳቅ! ሳቅ አንተ! ያን ጥርስህን ከመሬት ነው የማስለቅምህ!»

ሰውዬው ሳቀ። ዓመታት የታመቀ ሳቅ በአንድ ጊዜ ወጣ። እንዲህ ሲስቅ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከአፉ በረረና ኪቦርዱ ላይ ዐረፈ፤ ወደ ላይ የምታወጣዋን የቀስት ቁልፍ ተጫናት መሰለኝ፣ ሳጥኑ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕዝብ አትጠይቁኝ። ሰልፉ መጸዳጃ ቤቱን ዘግቶ፣ ትልልቆቹን ጠረጴዛዎች ዞሮ፣ እስከ ውጭ በር ወጣ። ወጣቱ ሁሉ ሳጥን ሊያወጣ ሳይሆን ሊጥል ነው የሚሰለፈው። «እናቴ ናት!» ይላል አንዱ። «የኔ እናት እንጂ! ቃል በቃል!» ይላል ሌላው።

በዚህ መሃል እማዬና አጎቴ ገቡ። አጎቴ የመቀጠሪያውን ወረቀት ሳይቀር ይዟል።

«ማን ናት ይቺ የምትጮኸው?» አለች እማዬ። «በሰው ፊት! ኧረ ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደላት ሴት ናት?»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ... ድምፁ...»

«ምን ድምፁ?»

«ምንም። ልብሽ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።»

ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰች። አንድ ግዙፍ ጎረምሳ ሳጥኑን ግድግዳ ሊያስገጨው ነው። እማዬ ስክሪኑን አየች፣ የራሷን ሳጥን አየች፣ ሁሉንም ረሳች። «ቀስ! አንተ! ግድግዳው ምን አደረገህ?»

ጎረምሳው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ሕዝቡ ከኮምፒውተሩ ወደሷ፣ ከሷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከዚያ ጭብጨባው! እማዬ ያኔ ነው የገባት። ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ሳፋው ትዝ እንዳላት ከዓይኗ አየሁ። ሸሽቼ እታለም ጀርባ ተደበቅሁ። እታለም ግን አልተደበቀችም፤ «እማዬ፣ ስህተት ነው፤ አሁን አጠፋዋለሁ» አለቻት።

እማዬ አልሰማቻትም። ስክሪኑ ላይ አጎንብሳ ነበር። መታጠፊያው ግድግዳ ላይ ያለችውን ረጅም ጭረት በጣቷ ነካቻት። «ይቺ... ያን ጊዜ ሳጥኑ የጫራት ናት።»

«አዎ እማዬ።»

«የቀለሙ ልጣጭ ሳይቀር? ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የሠራሽው? ከዚያች ጓዳ ውስጥ ሆነሽ?»

«አዎ።»

እማዬ ነጠላዋን ወደ ኋላ ወረወረች። «ቁጭ በይ። አንቺ ተጫኚ፣ እኔ ልንገርሽ።»

እታለም እንደለመደችው የሳጥኑን በሮች ልትነቅል ስትል «ተይው! ዕቃዬን ማን ንቀይ አለሽ? አቁሚው። ጀርባውን ለግድግዳው ስጪው። አዎ። አሁን በአንድ እግሩ አዙሪው፣ እንደ ሰካራም... ቀስ... ወደኔ... ወደኔ ልጄ...» አለቻት። ሳጥኑ ሁለተኛውን መታጠፊያ ዞረ! እታለም ራሷ የሠራችው ደረጃ ላይ እሷ የማታውቀው መንገድ ነበር። አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር፣ ገባ! ያን ቀን ያን ሳጥን እቤት ያስገቡ እነሱ ብቻ ናቸው። ጩኸቱ ጣሪያውን አነሳው፤ እታለም እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ እማዬ ደግሞ ሰው አየን ብላ «በቃ፣ በቃ፣ ንፍጥሽን ነጠላዬ ላይ አትጥረጊ» ትላለች።

ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረች። «ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው።»

አጎቴ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ነበር። ተራው ሲደርስ ሳጥኑን እያወቀ ጣለው፣ «እጅህ የተሰበረ ነው እንዴ» ተባለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ልጅ ሳለን እንዲሁ ነበር የምትለኝ» አለ።

አንደኛ ማን ወጣ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ጥሪው ሲሰማ እኔ ጠረጴዛው ላይ ቆሜ እየጨፈርኩ ነበር። ጠረጴዛው ተሰበረ። መስኮት ያለው ክፍል አሁን የእታለም ነው፤ መስኮቱን ከፍታ ነው የምትሠራው፣ ቬንትሌተሩንም ለኔ ሰጥታኛለች። እማዬ ግን አሳታሚዎቹ ዘንድ ራሷ ሄዳ ሙግት ይዛለች፦ «ያን ቀን ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ይሄ ቁጣ አይባልም። ደግማችሁ ቅዱኝ፣ እሱንም ፊቴ አቁሙልኝ።» እኔን ማለቷ ነው። አሁን በየሳምንቱ ፊቷ ቆሜ እሰደባለሁ፤ ለሥራ።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ትናንት ግን አጎቴ ደውሎ «ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሰውነቴን ሁሉ ይቆረጥመኛል» ሲለኝ መሐላዬ ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ። ስለዚህ ለሰውዬው ጤና ስል አንዷን ላርም፦ የዳኛው ጥርስ አልወለቀም። የወደቀው መነጽሩ ነው። ካልሲውና ኮቱ ግን እውነት ናቸው። አጎቴም ዛሬ ጠዋት ተሽሎታል።